ራምፑ ሲከዳ፦ ኤቲቪን ፒክአፕ ላይ የማውጣት ችግርና መፍትሄ

ግራ ቅልጥሜ ላይ የጣት ያህል የሚረዝም ጠባሳ አለ። ራምፕ፣ ማለትም ኤቲቪ መኪና ላይ የሚወጣበት ተንቀሳቃሽ መወጣጫ፣ ያተረፈልኝ ነው። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። በጋ ሲገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ኤቲቪ (ያቺን ባለአራት ጎማ የተራራ ሞተር) ጭነን ራምፓርት ሬንጅ ወደሚባለው ተራራ እንወጣለን። ተራራው ላይ፣ ድንጋዩና አቧራው መሀል፣ እስካሁን ማናችንም አልተጎዳንም። የተጎዳነው ሁሌ ቤታችን በር ላይ፣ ስንጭንና ስናወርድ ነው።

ራምፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ገዝታችሁ ያስቸገራችሁ ደግሞ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ስፖንዳ ስል የፒክአፑን የኋላ መዝጊያ ማለቴ ነው፤ ተዘርግቶ ራምፑ የሚያርፍበትን።

ራምፑ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ይወድቃል

የጠባሳዬ ታሪክ ይሄ ነው። የፊት ጎማዎቹ ስፖንዳው ላይ ወጡ። "አለቀ" ብዬ ነዳጅ ጨመር አደረግኩ። የኋላዎቹ ገና ራምፑ ላይ ናቸው። ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ኤቲቪው በኋላው ቁልቁል ሄደ፣ እኔ ዘልዬ ስወርድ ደግሞ ያ የተስፈነጠረው ራምፕ ጠርዙን አቁሞ ጠበቀኝ።

ጎማ ወደ ፊት የሚሄደው የረገጠውን ወደ ኋላ እየገፋ ነው። መሬት ንቅንቅ ስለማትል አናስተውለውም እንጂ። ራምፕ ግን ይሄዳል። ጫፉ ላይ ያለችው ምላስ ስፖንዳው ላይ ጋደም ብላለች እንጂ የያዛት ነገር የለም።

መፍትሄው ማሰር ነው። ሌላ የለውም። አብዛኛው ራምፕ ከነማሰሪያው ነው የሚሸጠው፤ ካርቶኑ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች ቀበቶ አለች፣ እሷን ነው ሰው አውጥቶ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ የሚረሳት። የእኔም እዚያው ነበረች። አንዱን ጫፍ ራምፑ ላይ፣ ሌላውን ከሥር ባለው ጠንካራ ብረት ወይም በተጎታች ማያያዣው ላይ አስራችሁ እስኪከርር ሳቡት። ባምፐሩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ማሰሪያ አይሆንም። ራምፑ ሁለት ከሆነ ቀበቶውም ሁለት። ከዚያ በእግራችሁ ወደ ኋላ መታ መታ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም።

በዚሁ ላይ ፒክአፑ ራሱ እንዳይሄድባችሁ። ማርሹን ፓርክ ላይ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ራምፕ ታስሮ መኪናው ወደ ፊት ፈቀቅ ሲል ያየሁበት ጊዜ አለ፣ ያውም ትንሽ ቁልቁለት ላይ ነበር።

ፊቱ ወደ ላይ ይነሳል

መውጣት ስትጀምሩ መሪው እየቀለለ ይመጣል። የፊት ጎማዎቹ ራምፑን መንካት አለመንካታቸውን ትጠራጠራላችሁ። እዚህ ላይ ቁሙ። ቀጥሎ ያለው ወደ ኋላ መገልበጥ ነው፤ ሦስት መቶ ኪሎ የሚጠጋ ብረት ደረት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቀልድ የለም።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የራምፑ ማጠር ነው። ሱቅ ስትሄዱ 6 ጫማው ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ታጥፎ ጥግ ይቆማል። ያታልላል። ስፖንዳው ከመሬት 36 ኢንች ከፍ ካለ፣ 6 ጫማ ራምፕ 30 ዲግሪ ዳገት ይሰራል። 8 ጫማው ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል። 10 ጫማው ከ18 በታች ነው። 30 ዲግሪ በቁጥር ሲሰሙት ምንም አይመስልም፤ ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ቀና ስትሉ ግን ግድግዳ ነው።

እኔ የምሰራበት ልክ ይሄ ነው። ስፖንዳውን ዘርጉ፣ ከመሬት እስከ ላይኛው ገጹ በሜትር ለኩ፣ በሁለት ተኩል አባዙ። 36 ከሆነ 90 ኢንች ይመጣል፣ 7 ጫማ ተኩል ማለት ነው። ከዚያ ያጠረ አትግዙ። ከፍ የተደረገ ፒክአፕ ስፖንዳው 40 ኢንች ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ 100 ኢንች ትፈልጋላችሁ። የጎረቤታችሁ ራምፕ ለጎረቤታችሁ መኪና ነው። የራሳችሁን ለኩ፣ በተለይ ጎማ ቀይራችሁ ከሆነ።

ራምፑ አንዴ ተገዝቷል፣ አጥሯል፣ ምን ይሁን? አገር ቤት ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል። በሬ አይሱዙ ላይ ሲጫን አይታችሁ የለ? ሹፌሩ መኪናውን በኋላው ወደ አፋፍ ያስጠጋል፣ በሬው በአፋፉ በኩል ሰተት ብሎ ይገባል። ለኤቲቪም ያው ነው። የፒክአፑን የኋላ ጎማዎች ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አቁሙና የራምፑን እግር ከፍ ያለው መሬት ላይ አሳርፉት። 10 ኢንች ብታተርፉ 36ቱ 26 ይሆናል፣ ያ ግድግዳ የነበረው 6 ጫማ ራምፕ 21 ዲግሪ ላይ ቁጭ ይላል። አንድ ሳንቲም አላወጣችሁም።

አነዳዱ ላይ ደግሞ መንደርደር የሚባለውን እርሱት። "ፍጥነት ካለው ይወጣል" የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም፣ ብዙውን ጊዜ ራሱ የማይነዳ ነው። ዝቅተኛ ማርሽ፣ ባለአራት ጎማ ግፊት፣ ደረት ወደ መሪው፣ ነዳጅ ሳይቋረጥ ቀስ ብሎ። መሀል ላይ ቆሞ ወደ ኋላ መንሸራተት ከጀመረ የኋላውን ፍሬን አትርገጡ፤ የኋላው ጎማ ሲያዝ ነው ፊቱ የሚነሳው። የፊቱን ፍሬን በስሱ እየያዛችሁ፣ ክብደታችሁን ወደ ፊት አድርጋችሁ፣ እስከ መሬት ይውረድ። ከኋላ ሰው አይቁም፣ "ልግፋላችሁ" የሚለው ጓደኛችሁ መጀመሪያ።

ይሄ ሁሉ ካስፈራችሁ አትንዱት። መጫኛው ፊት ላይ ዊንች (በገመድ የሚጎትተውን መሣሪያ) አስሩ፣ የኤቲቪውን ማርሽ ኒውትራል ላይ አድርጉ፣ ማንም ሳይቀመጥበት እየጎተታችሁ አውጡት። የእጅ ዊንችም ይበቃል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ የሚገለበጥ ሰው የለም።

ወጥቶ የኋላ መስታወቱን ይሰብራል

ይሄ የመንደርደር ልጅ ነው። ሰውየው ራምፑን ለማሸነፍ ነዳጅ ሰጥቷል፣ ኤቲቪው ጠፍጣፋው ላይ ሲደርስ ዳገቱ አለቀ፣ ጣቱ ግን ነዳጁን አልለቀቀም። መጫኛው መጨረሻ ላይ አሮጌ ጎማ አስቀምጡ ወይም ወፍራም ጣውላ ገድግዱ። እኔ የድሮ ትርፍ ጎማዬን እዚያው አስሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ተመትቷል፣ መስታወቱ ግን እስካሁን የፋብሪካው ነው።

በሆዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል

ፊቱ ገብቷል፣ ኋላው ራምፑ ላይ ነው፣ ሆዱ ስፖንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጎማዎቹ ባዶ ይሽከረከራሉ። ትልልቆቹ ኤቲቪዎች ከሥራቸው ክፍት ስለሆነ ብዙም አይደርስባቸውም። የሚያንጠለጥለው የልጆቹን ትንሿን ነው፣ ሰው ደግሞ "ትንሽ ናት፣ በዚህኛው አጭር ራምፕ ትወጣለች" ይላል። ተቃራኒው ነው። ቀላል ስለሆነች ሁለት ሰው ቢያነሳት ይሻላታል። የሣር ማጨጃ ትራክተር የምትጭኑም ይሄ ችግር የእናንተ ነው፤ ሆዱ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ምክንያቱ ቀጥ ያለ ራምፕ ስፖንዳው ላይ ሹል ማዕዘን ስለሚሰራ ነው። ጎበጥ ያለው ራምፕ ለዚህ ነው የተሰራው፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ ቀስ እያለ ይተኛል። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ያዋጣል። ራምፑን አስረዝሙ፣ አለበለዚያ ያንን የበሬ ዘዴ ተጠቀሙ።

ራምፑ ይለምጣል

መሀሉ ሲጎብጥ በዓይናችሁ ካያችሁ፣ ወይም ወርዶም ጠማማ ሆኖ ከቀረ፣ ከአቅሙ በላይ ጭናችሁበታል። ሰው እዚህ የሚሳሳተው መለያው ላይ ያለውን ቁጥር ሲያነብ ነው። "1500 ፓውንድ" ይላል። ለጥንዱ ነው? ለአንዱ ነው? ብዙ ጊዜ ለጥንዱ ነው፣ ይሄ ማለት አንዱ 750 ነው።

አሁን የእናንተን ደምሩ። ኤቲቪው 700 ፓውንድ ቢሆን፣ እናንተ 190፣ አምስት ጋሎን ቤንዚን 30፣ በረዶ የሞላው የመጠጥ ሳጥን፣ የመፍቻ ቦርሳ። ወደ ሺህ ተጠጋን። በዚህ ላይ ዳገት ላይ አብዛኛው ክብደት ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል፣ ስለዚህ ራምፑን ይበልጥ የሚጫኑት ሁለቱ የኋላዎቹ ናቸው። ከድምሩ በላይ ጥሩ ትርፍ አቅም ያለው ግዙ፣ ዕቃውን ደግሞ ቀድማችሁ አውርዱት። የመጠጥ ሳጥኑ በእግሩ ይውጣ። አንዴ የለመጠ አልሙኒየም በመዶሻ አይቃናም፤ የተቃና ቢመስልም ደክሟል፣ ጣሉት።

ጣውላ ለሚወዱ ወገኖቼ፦ አውቃለሁ፣ አገር ቤት በጣውላ የማይጫን ነገር የለም። ጫፉ ላይ የሚታሰር የብረት ምላስ ለብቻው ይሸጣል፣ በወፍራም ጣውላ ላይ በብሎን አስራችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ባዶ ጣውላ ስፖንዳ ላይ ማጋደም ግን ያው የእኔ ጠባሳ ነው።

አንዱ ጎማ ከራምፑ ይወጣል

ሁለት የተለያዩ ራምፖች ሲሆኑ የሚመጣ ችግር ነው። ሰው በዓይኑ ገምቶ ያስቀምጣል፣ ከታች ትክክል ይመስላል፣ ላይ ሲደርስ ጎማው ግማሹ አየር ላይ ነው። ከአንዱ ጎማ መሀል እስከ ሌላው ጎማ መሀል ለኩ፣ ራምፖቹንም በዚያው ልክ ከመሀል እስከ መሀል አስቀምጡ። ልኩን ካገኛችሁ ስፖንዳው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። የእኔ ላይ ሁለት ነጭ መስመሮች አሉ፣ ባለቤቴ መኪናውን አበላሸኸው ትላለች፣ ግን ከዚያ ወዲህ ሜትር አላወጣሁም። ይሄን ሁሉ የማይፈልግ ሰው ሦስት ቦታ የሚታጠፈውን ሰፊውን ይግዛ፤ ይከብዳል፣ ግን ጎማ የሚገባበት ክፍተት የለውም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር። ትልልቅ ፒክአፖች ውስጥ የጎማ ጉብታዎቹ መሀል ያለው ቦታ 50 ኢንች አካባቢ ነው። የጎልማሳ ኤቲቪ ወርዱ ብዙውን ጊዜ 46 እስከ 48 ነው፣ ይገባል። እንደ ቶዮታ ታኮማ ያለ አነስ ያለ ፒክአፕ ላይ ግን ያ ቦታ ከ48 ያንሳል። ራምፑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ኤቲቪው ጉብታው ላይ ይወጣል። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ ተጎታች ነው።

ጎማው ራምፑ ላይ ይንሸራተታል

ጭቃ ወይም በረዶ ነው። ጎማውንና ራምፑን ጥረጉ። መሰላል የሚመስለው፣ እርከኖቹ ጥርስ ያላቸው ራምፕ ጭቃውን ወደ ታች ይጥላል፤ ዝግ የሆነው ላዩ ላይ ያጠራቅመዋል። ጣውላ ከሆነ የጣሪያ ሺንግል (ሸካራውን የጣሪያ ልባስ) ቸንክሩበት።

ራምፑ ቤት ቀርቷል

ምልክቱ፦ አንድ ሰዓት ነድታችሁ ጫካው ደርሳችኋል፣ ኤቲቪው ላይ ነው፣ ሁሉም ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ምክንያቱ፦ ከተጫነ በኋላ ራምፑን ማን ያንሳ ሳይባባሉ ሁሉም መኪና ውስጥ ገባ። ባለፈው ዓመት ደረሰብን። የእኛ ሹፌር ምንም ሳይናገር መኪናውን አዙሮ በኋላው ወደ መንገዱ ዳር አፋፍ አስጠጋ፣ ስፖንዳው አፈሩ ላይ ሊያርፍ ጥቂት ኢንች ሲቀረው አቆመ። ኤቲቪው እንደ በሬው ሰተት ብሎ ወጣ። ማታ ስንመለስም በዚያው አፋፍ ጫንነው። ራምፑን ቤት በር ላይ አገኘነው፣ የጎረቤት ድመት ተኝታበት።