ዋንጫው ሰፈሩን ሲያራርቅ፦ በወጣቶች ስፖርት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ የልጆችና የወጣቶች እግር ኳስ ውድድር ማዘጋጀት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ባሉ ሰፈሮች ነዋሪው ቤቱን ያገኘው በአብዛኛው በዕጣ ስለሆነ፣ ከአራት ኪሎ የተነሣው፣ ከመርካቶ የመጣውና ከቂርቆስ የፈለሰው ሰው በአንድ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ሳይተዋወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በድሮው ሰፈር የቡና ጥሪውና የግቢው ቧንቧ ይሠሩት የነበረውን ሥራ እዚህ የሚተካ ነገር ሲጠፋ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ኳስ ያዞራል፤ ልክም ነው። ልጁ የሚጫወትበት ሜዳ ወላጁን ከቤት ያስወጣዋል፣ ሜዳ ዳር ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎችም ውለው አድረው ስም መጠያየቃቸው አይቀርም። ነገር ግን ክረምት በመጣ ቁጥር አዳዲስ አዘጋጆች ይዘውት የሚመጡት ዕቅድ ያው ነው፤ ስህተቱም ያው ነው። አብዛኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ። አንደኛውን ግን ደግሞ ማየት ስለታከተኝ ከእሱ እጀምራለሁ።

ውድድሩን በጥሎ ማለፍ ማካሄድ

ወጣቱ አዘጋጅ ደብተሩን ሲገልጥልኝ መጀመሪያ የማየው ሥዕሉን ነው፦ ዐሥራ ስድስት ቡድኖች በግራና በቀኝ ተደርድረው፣ መስመሮቹ እየጠበቡ መጥተው መሐል ላይ ዋንጫ ተሥሏል። ሥዕሉ ያምራል፤ ሒሳቡን ስንሠራው ግን ሌላ ነው። በ16 ቡድን ጥሎ ማለፍ ጠቅላላው ጨዋታ 15 ብቻ ሲሆን ስምንቱ ቡድኖች አንድ ጊዜ፣ አራቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ብቻ ተጫውተው ይሰናበታሉ። በየቡድኑ 12 ልጆች ቢኖሩ ከ192 ልጆች 96ቱ ሳምንታት ሙሉ ተለማምደው፣ ገንዘብ አዋጥተው ማልያ ካሠሩ በኋላ የሚደርሳቸው የአንድ ሰዓት ጨዋታ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜያቸውን የሚያሳልፉት በጆተኒና በውርርድ ቤት ደጃፍ ነው።

የሚሰናበቱትስ እነማን ናቸው? አሠልጣኝ ያጡት፣ ታኬታ የሌላቸው፣ ወደ ሰፈሩ በቅርቡ የገቡት፣ በአጭሩ ውድድሩ ለእነሱ ታስቦ የተዘጋጀላቸው ልጆች ናቸው። እስከ መጨረሻው የሚቆዩት ድሮም የሚተዋወቁት፣ ድሮም ሜዳው በእጃቸው የነበረው ናቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ውድድር ሳዘጋጅ እኔም ይህን ሥዕል ሥዬ ነበር። በመክፈቻው ቅዳሜ ዝናቡ ሲወርድ የአንደኛው ቡድን በረኛ አባት፣ ለጨዋታው ሲል የጠዋት ሥራውን የተወ የታክሲ ሹፌር፣ ከተቃራኒው ቡድን ከመጣች እናት ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠልሎ አየሁት። ስንተኛ ብሎክ እንደሚኖሩ ተጠያይቀዋል፤ የልጆቻቸውን ስም ተነጋግረዋል። ጨዋታው በፍጹም ቅጣት ምት ተለያየና ልጁ አለቀሰ፤ አባትየው እጁን ይዞት ሄደ፤ ጃንጥላውም ታጠፈ። እነዚያን ሁለት ሰዎች ዳግመኛ አንድ ቦታ የሚያቆም ምንም ነገር በፕሮግራሜ ውስጥ አልነበረም።

እኔ የምመክረው ስምንት ቡድኖችን ብቻ መዝግቦ ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲጫወት ማድረግ ነው። ጨዋታው 28 ይሆናል፤ በየቅዳሜው አራት ጨዋታ ቢደረግ በሰባት ሳምንት ይጠናቀቃል፤ ይህም ትምህርት ተዘግቶ በሚቆይበት ጊዜ ውስጥ በሚገባ ይበቃል። የመጨረሻው ቡድን እንኳ ሰባት ጊዜ ወደ ሜዳ ይወጣል። የግድ ዐሥራ ስድስት ቡድን መያዝ ካለበት በአራት ምድብ ይከፈል፤ የምድቡ ጨዋታ ብቻውን 24 ይሆናል፣ ከሦስት ጨዋታ በታች የሚጫወት ቡድንም አይኖርም። «ጥሎ ማለፍ ከሌለ ውድድሩ አይደምቅም» የሚለውን መልስ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። የሚደምቀው ለማን እንደሆነ ስጠይቅ ግን መልሱ የክብር እንግዳው የሚመጣበት፣ ካሜራ የሚነሣበት የፍጻሜ ቀን ይሆናል። ልጅ የሚመጣው ጨዋታ ስላለ ነው፤ ዋንጫውን በነጥብ ለበለጠው መስጠትም ይቻላል።

ቡድኑን በብሎክ ወይም በተነሡበት ሰፈር ማዋቀር

ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ስሠራው ኖሬያለሁ፤ ለማደራጀት ቀላል ነውና። ብሎኩ ራሱ ተጫዋች ይመርጣል፣ ራሱ ያዋጣል፣ ራሱ ይደግፋል። በሁለተኛው ዓመት ከፍጻሜው ጨዋታ በኋላ ድንጋይ ተወራወረ፤ ከዚያም ለወራት የአንዱ ብሎክ ልጆች በሌላው ብሎክ ሱቅ በኩል ዳቦ ለመግዛት አያልፉም ነበር። ቀድሞ ያልነበረ ድንበር በገዛ እጃችን አሰመርን ማለት ነው። አሁን ልጆቹን በዕድሜ ከለየን በኋላ በዕጣ እንደለድላለን፤ ከአንድ ብሎክ ከሁለት በላይ ልጅ በአንድ ቡድን አይገባም። በመጀመሪያው ሳምንት ማጉረምረም አለ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የልጃቸውን አዲስ ጓደኛ ቤት ፍለጋ የማያውቁት ደረጃ ላይ ወጥተው በር የሚያንኳኩ እናቶችን ታያላችሁ።

በኮሎምቢያ ሜዴይን ከተማ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ተከላካዩ አንድሬስ ኤስኮባር እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም ዋንጫ በራሱ መረብ ላይ ግብ ካስቆጠረ በኋላ በዚያችው ከተማ ተገደለ፤ በወቅቱ እዚያ ይማር የነበረው ጀርመናዊው ዩርገን ግሪስቤክ ከዚህ ተነሥቶ የጎዳና ኳስ ፕሮግራም ጀመረ። ዳኛ አይኖርም፤ ወንዶችና ሴቶች በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ፤ የቡድኑ የመጀመሪያ ግብ በሴት ልጅ መቆጠር አለበት። ተጫዋቾቹ ከጨዋታው በፊት በደንቡ ላይ ይስማማሉ፣ ከጨዋታው በኋላም ቁጭ ብለው ይገማገማሉ። ደንቡን እንዳለ ገልብጣችሁ አምጡ አልልም፤ እኔም ያለ ዳኛ ለማጫወት ደፍሬ አላውቅም። ቁም ነገሩ ግን ልጆቹ የሚፈለግባቸው ጠባይ በንግግር ሳይሆን በጨዋታው ደንብ ውስጥ መግባቱ ነው።

ስለ ጽዳትና ስለ ጨዋነት በመክፈቻው ቀን ተናግሮ ማለፍ

ነጥብ የማያስገኝ ነገር ለልጅ ምክር ነው፤ ምክር ደግሞ ከፊሽካው በፊት ይረሳል። በናይሮቢ የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚታወቅበት አሠራር ቀላል ነው፦ ሰፈሩን ያጸዳ ቡድን ለአንድ የጽዳት ዘመቻ 6 ነጥብ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ይመዘገብለታል፤ ይህም ከሁለት ድል ጋር እኩል ነው። እኛ ለጽዳቱ የምንሰጠው ሦስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ የተደፈነውን ቦይ ከክረምቱ ጎርፍ በፊት የሚከፍቱት የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ያሉት ቡድኖች ናቸው።

ዕድሜን በወረቀት ማመን

የልደት ምዝገባ በአገራችን ወጥ በሆነ መንገድ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ የሚያቀርበው ማስረጃ ብዙ ጊዜ ኋላ የተጻፈ ነው። በትልልቆቹ ውድድሮች ፊፋ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ እስከ መመርመር ደርሷል፤ እኛ ያለን ዓይናችን ነው። በወጣትነቴ ቡድን ይዤ ስወዳደር ጺሙን የተላጨ አጥቂ በታናሽ ወንድሙ ስም አስመዝግቤ አውቃለሁ። ዋንጫውንም ወስደናል። ዛሬ ያን ቀን ሳስብ የሚታወሰኝ ግን ዋንጫው ሳይሆን፣ በዚያ አጥቂ ጠረባ እግሩ ተጎድቶ ሁለተኛ ወደ ሜዳ ያልተመለሰው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው።

መፍትሔ ብለው የትምህርት ቤት መታወቂያ የሚጠይቁም አሉ፤ ይህ ሊስትሮ የሚሠራውንና የታክሲ ረዳት የሆነውን ልጅ ያስቀራል። እኛ ሰፈሩን የሚያውቁ ሁለት እናቶችንና አንድ መምህር አስቀምጠን ልጆቹን በፊታቸው እናሳልፋቸዋለን። የእናቶችን ዓይን ያታለለ ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሴት ልጆችን «ፈልገው ካልመጡስ» ብሎ መተው

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ የሚታጠብበት ሰዓት ነው፤ የውሃ ፈረቃው በዚያ ቀን ከደረሰ ደግሞ ጄሪካኑን የሚሞላው ማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በልጃገረዶቹ ላይ ከመፍረድ በፊት ሰዓቱን መቀየር ይቀድማል። እኛ የሴቶቹን ጨዋታ ወደ ዐሥር ሰዓት አዛውረን፣ ታናናሾቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ፈቅደን፣ ሕፃናቱን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ስንመድብ ከአንድ ቡድን ወደ አራት ቡድን ደርሰናል።

ሜዳውን የራስ አድርጎ መቁጠር

ድንጋዩን ለቅመን፣ መስመሩን በኖራ አስምረን የደለደልነው ባዶ ቦታ አንድ ሰኞ ጠዋት የአሸዋና የጠጠር ማራገፊያ ሆኖ አገኘነው። ጮኸን ምንም አላመጣንም፤ በእጃችን አንዲት የተጻፈች ወረቀት አልነበረችምና። ከወረዳው ጋር የሚደረግ ስምምነት በቃል አይበቃም፤ ቀኑና ሰዓቱ ተዘርዝሮ፣ ፊርማና ማኅተም ይኑርበት። የትምህርት ቤት ሜዳ ከሆነ ከርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ባልተናነሰ የጥበቃውን ስልክ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉ ያለው በእሱ እጅ ነው።

በብር ተወራርዶ መጫወትን በመጀመሪያው ቀን ከልክሉ። የጨዋታውን ቀን ከጾሙ፣ ከቅዳሴው፣ ከጁምዓና ከረመዳን ጋር ሳታስተያዩ አታውጡ። ዳኛውን ከሌላ ሰፈር አምጡ።

የሜዳውን ዳር መርሳት

ከጥሎ ማለፍ ቀጥሎ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በጀቱ ሁሉ በማልያና በዋንጫ አልቆ ወላጅ የሚቀመጥበት ድንጋይ እንኳ አይዘጋጅም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሚያዘጋጀው ውድድር ብዙው ሰው ከተማ አቋርጦ የሚጓዘው ለኳሱ ብቻ አይደለም፤ የጠፋ ጓደኛ የሚገኘው፣ እንጀራ የሚበላው፣ ስልክ ቁጥር የሚለዋወጠው ከሜዳው ውጪ ነው። የእኛም ሰፈር ሜዳ በአነስተኛ መጠን ያው መሆን ነበረበት፤ እኔ ግን ይህን ለመረዳት አራት ክረምት ፈጅቶብኛል።

ያስረዱኝ የሰፈራችን እድር ሊቀ መንበር ናቸው። በአራተኛው ክረምት ዝናብ አጥለቅልቆን በየበረንዳው ተበታትነን ሲያዩን «ድንኳኑ ለለቅሶ ብቻ ነው ያላችሁ ማነው?» ብለው ቁልፍ ላኩልን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ወጡ፣ አንዲት እናት ጀበናዋን ይዛ መጣች። በዚያ ዓመት ስለ አንድ ሕመምተኛ ጎረቤት መዋጮ የተነሣው፣ ሁለት ወጣቶች ሥራ የተጠቋቆሙት፣ እድሩም አዳዲስ አባላት የመዘገበው እዚያው ድንኳን ሥር ነው።

ከዚያ ወዲህ ኳሶቹንም በቤቴ ማስቀመጥ ትቻለሁ። እኔ ስታመም ወይም ክፍለ ሀገር ስሄድ ልጆቹ በራፌ ላይ ቆመው የሚመለሱበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ይህም ከስህተቶቼ አንዱ ነው። አሁን ኳሶቹ፣ ፊሽካውና የነጥብ መዝገቡ በእድሩ ዕቃ ቤት ከድስቶቹና ከድንኳኑ ካስማዎች ጎን ይቀመጣሉ፤ አስፈርመው የሚያወጡትም የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ እኔን ሳይቀር አስፈርመውኛል።