ፏፏቴ ለማየት ገደል ልትወርዱ ከሆነ ይቺን ያዙ

እንደ ተራራ እንዳይመስላችሁ፣ እዚህ መጀመሪያ ቁልቁለት ነው፣ አቀበቱ የሚመጣው ጉልበታችሁ ካለቀ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ከግማሽ በላይ ውሃችሁን ለመመለሻ አስቀሩ። ጫማ ላይ እባካችሁ አትቀልዱ፣ ፏፏቴው ስር ያለው ድንጋይ ሁሌ እርጥብ ነው፣ ያ አረንጓዴው ነገር ደግሞ እንደ ሳሙና ነው የሚያሙለጨልጨው።

ከሁሉም በላይ ግን ወንዙን እያያችሁ! እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ከወንዙ ላይኛው በኩል ዘንቦ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፣ ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ ወይ ቅጠልና ጭራሮ እያግበሰበሰ መምጣት ከጀመረ ፎቶውን ተዉትና ቶሎ ወደ ከፍታ ውጡ፣ ዕቃ ልሰብስብ ምናምን የለም።

ኔትወርክ እታች ስለሚጠፋ ማፑን ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ። ቀስተ ደመናውን ለማየት ደግሞ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ርጭቱን እዩት፣ ሲያምር!