አንድ ወንበር ለሁለት ሰው እንዳይሸጥ፦ የትኬት ሲስተምን ኮድ ከመጻፍ በፊት መፈተሽ

ከድሬዳዋ ማለዳ 11 ሰዓት ለሚነሳ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ሲስተም እንውሰድ። አንዱ ተሳፋሪ ከዚራ፣ ሌላው ሐረር ጀጎል ሆነው በስልክ ወንበር ይይዛሉ፤ ክፍያውም በሞባይል ነው። የክፍያው ማረጋገጫ በሰከንድ ውስጥ እስከደረሰ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ሲዘገይ ግን የመያዣው ጊዜ አልቆ ወንበሩ ለሌላ ሰው ስለሚከፈት፣ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ይሸጣል። ተራ ቴስት ይህን የማይዘው፣ የሞካሪው ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ስለማይዘገይ ነው።

ፎርማል ስፔሲፊኬሽን፣ ማለትም የሲስተሙን አሠራር በሒሳባዊ ቋንቋ ጽፎ (ሞዴል ሠርቶ) በኮምፒውተር መፈተሽ፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት የፈጠረው ቲኤልኤ ፕላስ (TLA+) ይሁን። በነጻ ይገኛል፤ ቲኤልሲ የሚባለው ፈታሹ በጃቫ ስለሚሠራ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል፣ አንዴ ከወረደ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም። የአማዞን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ተጠቅመውበታል።

በመጀመሪያ የሚጻፈው ስክሪኑ ወይም የዳታቤዝ ሠንጠረዡ ሳይሆን መጣስ የሌለበት ነገር ነው። እዚህ ሁለት አሉ፦ «ለአንድ ወንበር ከአንድ በላይ ትኬት አይኖርም» እና «ገንዘብ የላከ ሰው መጨረሻው ወይ ትኬት ወይ ተመላሽ ነው»። የመጀመሪያው ኢንቫሪያንት (ሁልጊዜ እውነት መሆን ያለበት ደንብ) ነው፤ ሲስተሙ ሊደርስበት በሚችል በእያንዳንዱ ሁኔታ ላይ ይፈተሻል። ሁለተኛው ስለ ፍጻሜ ስለሚናገር ለብቻው ይፈተሻል።

ቀጥሎ ተለዋዋጮቹ። ሦስት ይበቃሉ፦ መያዣ (ወንበሩን ማን ይዞታል)፣ ክፍያ (አልተላከም፣ በመንገድ ላይ፣ ደርሷል) እና ትኬት (የተሰጣቸው ሰዎች ስብስብ)። ዋጋ፣ ስም፣ የጉዞ ቀን ይቅሩ። ሰዓትም እንዲሁ፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። መያዣው በ10 ደቂቃ ያበቃል ብላችሁ ከ10 እስከ 0 የሚወርድ ቆጣሪ ብታስገቡ የሁኔታዎቹ ብዛት እስከ 11 እጥፍ ይደርሳል፣ የምታገኙት አዲስ እውቀት ግን የለም። «መያዣው በማንኛውም ጊዜ ሊያበቃ ይችላል» ብላችሁ ጻፉት። ፈታሹ ያን ጊዜ መጥፎውን ቅደም ተከተል ራሱ ይፈልጋል።

ድርጊቶቹ አራት ናቸው፦

ያዝ፦ መያዣው ባዶ ከሆነ፣ ትኬት ካልተሰጠና ሰውየው ገና ካልከፈለ፣ መያዣው የእሱ ይሆናል።
ክፈል፦ መያዣው የእሱ ከሆነ፣ ክፍያው በመንገድ ላይ ይሆናል።
ጊዜ አለቀ፦ መያዣው ይለቀቃል።
ማረጋገጫ መጣ፦ በመንገድ ላይ የነበረው ክፍያ ይደርሳል፣ ትኬት ይሰጣል።

በእያንዳንዱ ድርጊት ያልተነካውን ተለዋዋጭ «አልተለወጠም» ብሎ በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው። ከተረሳ ቲኤልሲ በስህተት መልእክት ይቆማል።

በ1 ወንበርና በ2 ደንበኞች ጀምሩ። መያዣው 3፣ ክፍያዎቹ 9፣ ትኬቱ 4 ዓይነት ሊሆኑ ስለሚችሉ ሲባዙ ከ108 አይበልጡም። ደንበኞቹ 5 ሲሆኑ ይኸው ቁጥር 46,656 ይሆናል። ስህተቱ በሁለት ሰው ከታየ አምስት ሰው አያስፈልግም።

ቲኤልሲ ሲሮጥ ኢንቫሪያንቱ ይፈርሳል፣ በ7 እርምጃም ያሳያችኋል (ሁለቱን ደንበኞች «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው)፦ ሀ ያዘ፣ ሀ ከፈለ፣ ጊዜ አለቀ፣ ለ ያዘ፣ ለ ከፈለ፣ የሀ ማረጋገጫ መጣ፣ የለ ማረጋገጫ መጣ። ሁለት ትኬት። ይህን ዝርዝር አትሙና ከቡድኑ ጋር አንብቡት፤ ከማንኛውም ስብሰባ የበለጠ ያግባባል።

ለመጠገን ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ክፍያ በመንገድ ላይ እያለ መያዣውን አለመልቀቅ ነው። ኢንቫሪያንቱ ያልፋል፤ ነገር ግን ማረጋገጫው ጭራሽ ከጠፋ ወንበሩ እንደተቆለፈ አውቶቡሱ ባዶውን ይዞት ይሄዳል። የተሻለው ማረጋገጫ ሲመጣ እንደገና መፈተሽ ነው፦ መያዣው አሁንም የእሱ ከሆነና ትኬት ካልተሰጠ ትኬት፣ ካልሆነ ተመላሽ። ለክፍያ «ተመላሽ» የሚል አራተኛ ዋጋ ጨምሩ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ የሀ ጊዜ አልቆ፣ ወንበሩን ግን ማንም ሳይዘው ማረጋገጫው ቢደርስስ? ትኬት መስጠትም ተመላሽ ማድረግም ከሁለቱ ደንቦች ጋር ይስማማል፤ ስለዚህ ፕሮግራመሩ በግምት አይወስን፣ የአውቶቡሱ ባለቤት ይጠየቅ።

የሚያደናግሩ ሦስት ውጤቶች አሉ። ትኬቱ ተሸጦ የሚቀር ድርጊት ሲጠፋ ቲኤልሲ «ዴድሎክ» ይላል፤ እዚህ ትክክለኛ ፍጻሜ ስለሆነ ያን ፍተሻ አጥፉት። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ «ምንም ሳይፈጠር ቆመ» በሚል ምክንያት ይወድቃል፤ «ማረጋገጫ መጣ» የሚለው ድርጊት ሊፈጸም የሚችል ሆኖ ከቆየ መፈጸሙ አይቀርም የሚለውን የፌርነስ ቅድመ ሁኔታ ለየደንበኛው ጨምሩ። ሦስተኛው አደገኛው ነው፦ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ያልፋል። ምናልባት አንድ ቅድመ ሁኔታ በጣም ጠብቆ ትኬት ጭራሽ አይሸጥ ይሆናል። «ትኬት ሁልጊዜ ባዶ ነው» የሚል የሐሰት ኢንቫሪያንት ጨምሩና አሂዱ። ካልወደቀ ሞዴላችሁ አይሠራም።

ወደ ኮድ ስትሄዱ የ«ማረጋገጫ መጣ» ፍተሻና የትኬቱ መጻፍ በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚፈጸም ወይ ምንም የማይፈጸም ጥቅል) ውስጥ ይሁኑ፣ በጉዞና በወንበር ቁጥር ላይም የማይደገም ቁልፍ አድርጉ። ሞዴሉ ሁለቱን እንደ አንድ እርምጃ ወስዷቸዋል፤ ኮዱ ከከፈላቸው የተፈተሸው ሌላ ሲስተም ነው። የክፍያ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊመጣ የሚችል ከሆነም ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ያንን እንደ አምስተኛ ድርጊት ሞዴሉ ላይ ጨምራችሁ ቲኤልሲን እንደገና አሂዱ።