በሕክምና ስህተት ከመክሰስዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ፍርድ ቤት አጠገብ ካሉት አቤቱታ ጸሐፊዎች ዘንድ ሄዶ «ሐኪሙ ጎዳኝ» ብሎ ክስ ማስጻፍ ጊዜ አይወስድም። ክሱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ታካሚው ያደረገው ወይም ሳያደርግ የተወው ነገር ነው።

አልዳንኩምና ሐኪሙ አጥፍቷል ማለት፦ በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 መሠረት ባለሙያ የሚጠየቀው የሙያውን ደንብ በግልጽ ሲጥስ ነው። ሐኪም ለመዳንዎ ዋስ አልሆነም። ስለዚህ «ምን መደረግ ሲገባው ሳይደረግ ቀረ?» የሚለውን መመለስ አለብዎ፤ ያንን ደግሞ የሚያስረዳልዎ ሌላ ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

የራስን ጥፋት መደበቅ፦ ብዙ ክስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ የአዘዞ ሰው እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ታሰረለት እንበል። «ጣቶችህ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ሌሊትም ቢሆን ተመለስ» ተብሏል። ደነዘዙ፤ እሱ ግን ጀሶውን ቤቱ ቀዶ ወጌሻ ዘንድ ሄደ። ሆስፒታል የተመለሰው እግሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ጀሶው መጀመሪያውኑ ከመጠን በላይ ጠብቆ ከነበረ ያሰረው ሰው ጥፋት አለበት፤ የታካሚው መዘግየትም አለ። ቁጥር 2098 ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል፦ ዳኛው የእያንዳንዱን ጥፋት ክብደትና ለጉዳቱ ያለውን ድርሻ መዝኖ ካሳውን ይቀንሳል እንጂ ከሳሹን ባዶ እጁን አይሰደውም። ወጌሻውን ደብቆ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲመለስ የነገራት ነርስ ካርዱ ላይ ጽፋዋለች፤ የሆስፒታሉ ጠበቃ ያንን መስመር ሲያነብ ከዚያ በኋላ ከሳሹ የሚናገረውን ሁሉ ዳኛው በጥርጣሬ ነው የሚሰማው።

ጠበል መሄድም እንዲሁ ነው፤ ጠበሉ አያስጠይቅም፣ መድኃኒቱን አቋርጦ መሄድ ነው ጥያቄ የሚያመጣው። «በራሴ ፈቃድ ወጥቻለሁ» ብሎ ፈርሞ መሄድም እንደዚያው። ለቀዶ ጥገና መፈረም ግን ከዚህ ይለያል፤ ለኦፕራሲዮን ተስማማሁ ማለት ለቸልተኝነት ተስማማሁ ማለት አይደለም።

በሐዘን ልክ ካሳ መጠበቅ፦ ለገንዘብ ኪሳራ ሕጉ ጣሪያ አላበጀም፤ ቁጥር 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። ለሞራል ጉዳት ግን ቁጥር 2116 ከ1000 ብር በላይ አያስኬድም። ሕጉ ሲወጣ ደህና ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለፋሲካ ዶሮ ይበቃ እንደሆነ እንጃ። እኔ ይህ ጣሪያ መነሳት ካለበት ቆየ እላለሁ፤ እስኪነሳ ድረስ ግን ጉልበትዎን በቁሳዊ ጉዳቱ ላይ ያውሉ። የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ (ቁጥር 2092)፣ የአካል ጉዳቱን መጠን የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከደምቢያ የመጣ ገበሬ የደመወዝ ደብዳቤ የለውም፤ ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ባለው ልክ፣ ሊቆርጥ ይችላል (ቁጥር 2102)፤ ቢሆንም ስንት ጥማድ እንደሚያርስ የሚያውቁ ምስክሮች ይቅረቡ።

ሽምግልና እየጠበቁ ጊዜ ማሳለፍ፦ ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሳ ክስ ይርጋው (ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ) ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው (ቁጥር 2143)። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ይሠራል። ሽማግሌ መላክ ብቻውን ቀኑን አያቆመውም።

ሐኪሙን ብቻ መክሰስ፦ ቁጥር 2651 ሆስፒታሉ ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ተጠያቂ ነው ይላል። የመክፈል አቅም ያለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ገንዘብ የለኝም ብሎ መተው፦ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ያቃተው ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። ለምክር ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ፤ ሲሄዱ ካርድዎን፣ ማዘዣዎቹንና ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል አድርገው ይውሰዱ፣ ወጌሻ ዘንድ ሄደው ከሆነም መጀመሪያ እሱን ይንገሯቸው።