ፎርዋርድ እየተደረገ ተከታይ የማያመጣው ቻናል

የድሬዳዋ የፍሪጅና ኤሲ ጥገና ባለሙያ የቴሌግራም ቻናል ነው። ጽሑፉ በየግሩፑ ይዞራል፤ ተከታይ ግን አይጨምርም። ሰበቡ ቻናሉ ፕራይቬት መሆኑ ነበር፦ ስሙን የሚነካ አዲስ ሰው መግባት አይችልም፣ በፍለጋም አይወጣም። ፐብሊክ ተደርጎ ዩዘርኔም (በ@ የሚጀምር መለያ) ሲሰጠው ተፈታ። ዩዘርኔም ቢያንስ 5 ፊደል ይሁን፤ የአማርኛ ፊደል አይቀበልም።

የቻናሉ ስም ሙያንና ከተማን ይያዝ፦ «ፍሪጅ ጥገና ድሬዳዋ»። «ሐረር» የሚለው ስም ላይ ግን የአጻጻፍ ጣጣ አለ፤ «ሐ» እና «ሀ» ለስልኩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ በየጽሑፉ ሁለቱንም አጻጻፍ ቀላቅሉ።

ፎቶ ላይ የተጻፈን ፍለጋው አያነበውም። አቧራ የጠጣውን ኮንደንሰር (ሙቀት የሚያስወጣውን የፍሪጁን ክፍል) ከመጠረጉ በፊትና በኋላ አንሱና ፍሪጁ ለምን ማቀዝቀዝ እንዳቃተው ከፎቶው ሥር ጻፉ። ለዚያ 1024 ፊደል ይፈቀዳል፤ ከበቂ በላይ ነው።