ከ40 ዓመት በኋላ ፊደል ሲደበዝዝ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ምልክት፦ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ እጅዎን መዘርጋት ጀምረዋል። ክር በመርፌ ቀዳዳ አልገባ ብሏል። ማታ ይብሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሻላል፤ ሩቁ ግን እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ይታያል።

ምክንያት፦ ከዓይን ብሌን በስተጀርባ ያለው ሌንስ በወጣትነት ለስላሳ ስለሆነ ቅርብ ስንመለከት ጎበጥ ይላል። ዕድሜ ሲገፋ ይደርቅና ጡንቻው ቢያዘውም አይታዘዝም። ብርሃን ሲበዛ ደግሞ ብሌኑ ስለሚጠብ ምስሉ ለጊዜው ይጠራል።

መፍትሄ፦ የንባብ መነጽር። የመነጽሩ ጉልበት በቁጥር ይገለጻል፦ መጀመሪያ አካባቢ +1.00 ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ በ60 ዓመት ግድም +2.50 ሊደርስ ይችላል። «መነጽር ዓይን ያሰንፋል» እያሉ ዓመታት የሚታገሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ መነጽር ተደረገም አልተደረገም ሌንሱ መድረቁን አይተውም። ካሮትም አያለሰልሰውም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሩቅ ማየት የሚቸግራቸው ሰዎች ግን ለማንበብ የሩቅ መነጽራቸውን ማውለቅ ብቻ ሊበቃቸው ይችላል።

ምልክት፦ በአዲሱ መነጽር መጽሐፉ ይነበባል፣ ኮምፒውተሩ ግን ይደበዝዛል።

ምክንያት፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው መነጽሩ ተበላሸ ይላል። ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነው። የዓይን የማተኮር አቅም ሲያልቅ +2.50 የሚያጠራው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለውን ነው፤ 66 ሴንቲ ሜትር ላይ ላለ ስክሪን የሚስማማው +1.50 ነው። ስለዚህ ዕድሜን ብቻ ጠይቆ መነጽር የሚሰጥ ሻጭ ግማሹን ጥያቄ ዘልሏል።

መፍትሄ፦ ከመሄድዎ በፊት ከዓይንዎ እስከ ሥራዎ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩና ለባለሙያው ይንገሩ። ልብስ ሰፊና የሒሳብ ሠራተኛ ዕድሜያቸው እኩል ቢሆንም አንድ ቁጥር ላይስማማቸው ይችላል። ሁለት መነጽር መያዝ ከሰለቸዎት ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ የሚሆን ባይፎካል ወይም ፕሮግረሲቭ አለ፤ ደረጃ ሲወርዱ ግን አገጭዎን ዝቅ አድርገው በላይኛው በኩል ይመልከቱ።

ምልክት፦ ከመንገድ በተገዛ መነጽር ራስ ምታት።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው መነጽር ለሁለቱም ዓይን እኩል ቁጥር አለው፤ የእርስዎ ዓይኖች ግን ሊለያዩ ይችላሉ። ይለኩ።

ስለ ጠብታም ይጠየቃል። በ2021 አሜሪካ ለዚህ ችግር የፈቀደችው ፓይሎካርፒን ብሌኑን በማጥበብ ለጥቂት ሰዓታት ይረዳል። ማታ መንዳትን ያከብዳል፤ አልፎ አልፎም ሬቲናን (ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ሊያስለቅቅ ስለሚችል ያለ ምርመራ አይሞከርም።

ምልክት፦ በ70 ዓመት ያለ መነጽር እንደገና ማንበብ።

ምክንያት፦ ቤተሰብ «ተአምር ነው» ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የዓይን ሞራ ጅማሬ ነው። የደም ስኳር ከፍ ሲልም ይህ ሊታይ ይችላል።

መፍትሄ፦ የዓይንና የስኳር ምርመራ። ቀጥ ያለ መስመር ከተጣመመ፣ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ በድንገት ከመጣ ግን መነጽር ቤት አይሂዱ፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ይይዎት።