የቪትዝ ፍሬን ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና የሚገዛው ዕቃ

«ፍሬኑ አልይዝ ብሎኛል» ብሎ በቀጥታ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ ሸራ (ዲስኩን ወይም ታምቡሩን እየፈተገ የሚያቆመውን ክፍል) ገዝቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ሸራው ተቀይሮም ለውጥ ካልመጣ ቀጣዩ ሐሳብ ትልቅ ወይም ቀዳዳ ያለው ዲስክ ማስገጠም ይሆናል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ዘይቱ፣ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ፒን ወይም ያለቀው ጎማ ነው። ፍሬን ሕይወት የሚጠብቅ ዕቃ ስለሆነ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ምልክቱን መለየት ይቀድማል። የሚከተለው ፊቱ በዲስክ፣ ኋላው በታምቡር ለሚይዝ ተራ ቪትዝና ያሪስ የተጻፈ ነው፤ ለሌሎች ትንንሽ መኪኖችም በአብዛኛው ያገለግላል።

ፍሬን ሲይዙ ይጮሃል

በክረምት ጠዋት ሲነሱ ብቻ ጮሆ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ከያዙ በኋላ ዝም የሚል ከሆነ ዲስኩ ሌሊት የያዘው ዝገት ነው፤ ምንም አይነካ። ቀኑን ሙሉ ቀጭን ፉጨት የሚያሰማ ከሆነ ሸራው ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ምላስ ዲስኩን መንካት ጀምራለች ማለት ነው፤ የተሠራችውም ሸራው ማለቁን እንድትናገር ነው። የሚፍቅ፣ የሚያጓራ ድምፅ ከሆነ ብረት ከብረት ተገናኝቷልና መኪናውን ያቁሙ።

የአዲስ ሸራ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየር፤ ሁልጊዜም የግራውና የቀኙ አብረው። ዲስኩ ላይ የተቀረጸ ዝቅተኛ የውፍረት ልክ አለ። ከዚያ በታች የሆነ ዲስክ ቶርኖ ቤት ቢገባም አይድንም፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል፣ ይሰነጠቃል። ሳይለኩ ዲስክ የሚያስቆርጡ ጋራዦች መኖራቸው ያናድዳል፤ ልኩን አብረው ቆመው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሸራው ባለቀ ቁጥር በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ዝቅ ይላል። የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት በበራ ቁጥር ዘይት እየጨመሩ መሄድ ይህን ምልክት መደበቅ ነው።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይከዳል

ትልቁ አደጋ ይኸው ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድም ይበቃል፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል አለ። አምስት ሰውና ጓዝ የጫነ ቪትዝ ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ ከወረደ ሙቀቱ አንዱን ክፍል ማሸነፉ አይቀርም። የትኛውን እንዳሸነፈ የሚነግርዎት እግርዎ ነው።

ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልቆመ ሸራው ግሎ መያዝ አቅቶታል። መፍትሔው ሙቀት የሚችል ሸራ ነው። ፔዳሉ ልል ብሎ ወደ ወለሉ ከወረደ ግን ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውኃ ሲስብ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። እንፋሎት ስለሚታመቅ የእግርዎ ኃይል ጎማው ዘንድ አይደርስም። በዚህ ጊዜ የዓለም ምርጥ ሸራ ቢገጠምም አያድንም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ማስቀየርና ዶት 4 ማስገባት ከማንኛውም ውድ ዲስክ ይበልጣል። የታሸገ ጠርሙስ ብቻ ይግዙ፤ ተከፍቶ የከረመ ዘይት ገና ከሱቁ እርጥበት ይዞ ይወጣል። በሲሊኮን የተሠራውን ዶት 5 አይቀላቅሉ። የሞተር ዘይት ከተጨመረ ደግሞ ጎሚኒዎቹን (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዙትን የጎማ ክፍሎች) በሙሉ ያሳብጣቸዋል።

አወራረዱም የመፍትሔው አካል ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይያዝልዎት። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ከዲ አውጥተው 2 ወይም ኤል ላይ፣ ያለው ሞዴል ከሆነ ቢ ላይ ያድርጉ። ይህን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ያድርጉት።

ሜዳ ላይም ፔዳሉ የሚለሰልስ ከሆነ መስመሩ አየር ገብቶበታል፤ አየሩ ይውጣ። እግርዎን አጽንተው ሲቆሙ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ የዋናው ፓምፕ ጎሚኒ ዘይት ማሳለፍ ጀምሯል። ዝቅ ብሎ የሚይዝ፣ ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ ግን የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል፤ ማስተካከል ይበቃዋል። ታምቡሩ ሲከፈት ብናኙን በአየር አያስነፉ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላልና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ፔዳሉ ከብዷል

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። እግርዎን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በዚሁ ግፊት ነው። ከድሬዳዋ መጥቶ ፔዳሉ ትንሽ የከበደው ሰው መኪናው ጤነኛ ነው። በድንገት ከከበደ ግን ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፣ ከዚያ እንደረገጡ ያስነሱ። ትንሽ ካልሰመጠ ሰርቮው ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ቱቦ ይታይ።

ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል

የሚስብ ከሆነ መጀመሪያ የጎማ አየር ይለኩ። ቀጥሎ የካሊፐሩ ፒኖች ደርቀው እንደሆነ ይታይ፤ ይጸዱና ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ይቀቡ። ተራ ግሪስ የፒኑን ጎሚኒ ያበላሻል። መንቀጥቀጡ ፍሬን ሲይዙ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ውፍረቱ እኩል ያልሆነ ዲስክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የጎማ ዳዶዎችን አለመጠን ማጥበቅ ወይም ዲስኩ የሚቀመጥበት ላይ ዝገት መተው ነው፤ ይህ ሳይስተካከል አዲሱም ይበላሻል።

ሲገዙ

ቪትዝ ከ1999 ጀምሮ በሦስት ትውልድ ተሠርቷል፤ ሸራውም ዲስኩም እንደ ትውልዱና እንደ ሞተሩ ይለያያል። የሻንሲ ቁጥሩንና አሮጌውን ሸራ ይዘው ይሂዱ። ብዙ አምራቾች የሸራው ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ያትማሉ፤ የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ አቅም ያሳያል። በሰበቃ ልክ ሲቆጠር ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ቁልቁለት ለሚያበዛ ሰው ሁለቱም ኤፍ የሆነ ሸራ እመርጣለሁ፤ ኢ ኢ የሚለውን አልወስድም። ፊደሎቹ ግን ስለ ዕድሜው ምንም አይናገሩም፤ በዋጋው መርከስ ብቻ የሚሸጥ ካርቶን አይተማመኑበት።

የውድድር ሸራ ቀዝቃዛ ሳለ በደንብ አይዝም፤ ለከተማ አይሆንም። ቀዳዳ ያለው ዲስክ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ሊሰነጠቅ ይችላል። ትልቅ ዲስክ ደግሞ ትልቅ ቸርኬ ይፈልጋል፤ የፊትና የኋላውን ሚዛንም ያዛባል። ያ ገንዘብ ለአዲስ ጎማ ይዋል፤ መኪናውን መሬት ላይ የሚያቆመው እሱ ነው።

አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል በመጠኑ ያዝ እያደረጉ ያለማምዱት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ መጨረሻ ላይ እንዲቀዘቅዝ እየነዱ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ከጋራዡ ሳይወጡ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡት። ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ስለተገፉ የመጀመሪያው ርግጫ ወለሉ ድረስ ይወርዳል፤ ይህ መንገድ ላይ መሆን የለበትም።